ገብሱ የሚያሳየው ጉድባ፦ የሮማውያንን ቅጥር ከአየር ፎቶግራፍ ላይ መለየት

ጁላይ 20 ቀን 1928 አንድ የእንግሊዝ አየር ኃይል አውሮፕላን በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርፎክ ግዛት፣ ካይስተር ከምትባል መንደር አጠገብ ባለ የገብስ ማሳ ላይ ሲያልፍ ፎቶግራፍ አነሣ። በጋው ዝናብ የራቀው ነበር። ፊልሙ ሲታጠብ ከገብሱ መካከል ከተማ ወጣ። መንገዶቹ እንደ ዳማ ሰሌዳ ቀጥ ብለው ይቋረጣሉ፤ በመካከላቸው የሕንፃዎች መሠረት ይታያል። በተከታዩ ዓመት ዘ ታይምስ ጋዜጣ ፎቶግራፉን ሲያወጣው አገር ተነጋገረበት፤ ቁፋሮም ተጀመረ።

ቦታው ቬንታ ኢኬኖሩም የተባለው የሮማውያን ከተማ መሆኑ ቀድሞም ይታወቅ ነበር፤ የዙሪያ ግንቡ ዛሬም አለ። ስለዚህ የካይስተር ጥያቄ ቀላል ነበር፤ ከተማው የማን እንደሆነ ታውቆ የጎደለው ዝርዝሩ ብቻ ነበር። የሚከብደውና እኔን ዘወትር የሚስበኝ ሌላው ነው። ግንብ በሌለበት፣ መዝገብ በማያውቀው ተራ ማሳ መካከል አራት ማዕዘን ጥቁር መስመር ብቻውን ሲታይ ምን ይባላል? ባለሙያዎች «የሮማውያን ቅጥር ሊሆን ይችላል» ብለው ይመዘግባሉ። ይህች «ሊሆን ይችላል» የምትባል ሐረግ ምን ያህል ሥራና ጥንቃቄ እንዳለባት ለማስረዳት ነው ይህን የምጽፈው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እርሻ አጠገብ ያደገ ሰው መነሻውን ለመረዳት አይቸገርም። አሮጌ በረት የነበረበት ቦታ ታርሶ ሲዘራ ሰብሉ ከዙሪያው ተለይቶ ወፍሮና ጠቁሮ ይበቅላል። በረቱ ከፈረሰ፣ አጥሩም ለማገዶ ካለቀ ዓመታት ቢያልፉም ሰብሉ የበረቱን ስፋትና ቅርጽ ያሳያል። ከአየር ላይ የሚደረገው የአርኪዮሎጂ ፍለጋ የቆመው በዚህ ዓይነት ሐቅ ላይ ነው። በእንግሊዝ ማሳ ላይ ግን ሰብሉ የሚያሳየው ነገር ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ይችላል፤ ዋናው ምክንያትም ፍግ ሳይሆን ውኃ ነው።

አንድ ገበሬ ወይም ወታደር ግቢውን ለማጠር ጉድባ ቆፈረ እንበል፤ ወርዱ ሁለት ሜትር፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ተኩል። የቆፈረውን አፈር በውስጥ በኩል ከምሮ ካብ አደረገው። ጊዜው ደረሰና ሰዎቹ ሄዱ። ዝናብና ነፋስ ካቡን እየናዱ ጉድባውን ሞሉት፤ ቅጠልና ሣር በሰበሰበት፤ በመጨረሻም ማረሻ መጥቶ ላዩን ደለደለው። ዛሬ በእግር ቢሄዱበት ሜዳ ነው። ከታች ግን ጉድባው አልጠፋም። ዙሪያው ማረሻ ያልነካው ጠጠር ሲሆን እሱ ብቻ በለሰለሰና በጠቆረ አፈር ተሞልቷል። ጠጠሩ ውኃውን ያሳልፋል፤ ለስላሳው አፈር ግን ይይዘዋል።

ዝናብ በበቂ ሲጥል ይህ ልዩነት ለገብሱ ምንም አይደለም፤ ሁሉም ጠጥቶ ያድራል። ዝናቡ ሲቋረጥ ነው ነገሩ የሚገለጠው። ጠጠር ላይ የበቀለው በሥሩ ዙሪያ ያለችውን እርጥበት ጨርሶ ቶሎ ይነጣል። ጉድባ ላይ የበቀለው ሥሩን አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ ወደ ታች ሰድዶ ከቀዝቃዛው አፈር እየጠጣ ይቆያል። ማሳው ውስጥ ገብታችሁ የሁለቱ ወሰን ላይ ብትቆሙ በግራ እጃችሁ የምትዳስሱት ገብስ አገዳው የቀጠነ፣ ዛላው ያጠረ፣ ቅጠሉ የተኮማተረ ነው። በቀኝ እጃችሁ የምትዳስሱት ደግሞ በአንድ ስንዝር ያህል የረዘመ፣ ገና እሸት የሆነ፣ ዛላው የከበደ ነው። ልዩነቱን በእጃችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቅርጹን ግን አታዩትም። እግራችሁ ሥር ያለው አረንጓዴ ፈትል የክብ ክፋይ ይሁን የካሬ፣ የምሽግ ጥግ ይሁን የከብት መንጃ፣ ከመሬት ሆኖ መናገር አይቻልም።

የዚህ ጥበብ አባት የሚባለው እንግሊዛዊው ኦ. ጂ. ኤስ. ክሮፎርድ ይህንኑ ለማስረዳት ድመትንና ምንጣፍን ምሳሌ አድርጓል። ምንጣፉ ላይ የተኛች ድመት የምታየው የተምታታ ቀለም ነው፤ ቆሞ ከላይ የሚያየው ሰው ግን ጥለቱን አሟልቶ ያየዋል። ክሮፎርድ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከአውሮፕላን ላይ የጠላትን ይዞታ የሚቃኝ መኮንን ነበር። በ1920 የብሪታንያ የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያው የአርኪዮሎጂ ሹም ሆነ። በ1923 ደግሞ አየር ኃይሉ በ1921 ባነሣቸው ፎቶግራፎች ላይ፣ ከመሬት ላይ ጨርሶ የጠፋውን ስቶንሄንጅ ወደሚባለው የድንጋይ ክበብ የሚወስድ የጥንት ጎዳና ቀጣይ ክፍል አገኘ። ስሙ ለኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢም እንግዳ አይደለም። ከ1400 እስከ 1524 ገደማ ወደ ኢትዮጵያና በኢትዮጵያ ውስጥ ይሄዱ የነበሩ መንገደኞችን የጉዞ መስመሮች፣ ቬኒሳዊው አሌሳንድሮ ዞርዚ ጽፎ ያቆያቸውን ጨምሮ፣ አሰባስቦ ያዘጋጀው እሱ ነው፤ ሥራው የታተመውም እሱ በ1957 ከሞተ በኋላ በ1958 ነው። የጠፋ መንገድ ፍለጋ ከእንግሊዝ ማሳ እስከ እኛ ተራሮች ድረስ የወሰደው ሰው ነበር።

ከመሬት በታች ያለው ጉድባ ሳይሆን የድንጋይ መሠረት ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ድንጋይ ላይ የበቀለው ገብስ ሥሩን የሚሰድበት አፈር ስለሌለው ከሁሉ ቀድሞ ይጠወልጋል፤ በፎቶግራፍ ላይም እንደ ነጭ መስመር ይወጣል። በካይስተር የታዩት መስመሮች እንዲህ ያሉ ነበሩ፤ በጠጠር የተደለደሉት የሮማውያን ጎዳናዎች ገብሱን አስርበውት ነው የታዩት። እንግዲህ በደፈናው ጥቁር መስመር ጉድባ፣ ነጭ መስመር ግንብ ወይም መንገድ ነው። ይህ ሕግ ግን አልፎ አልፎ ይከዳል። ጉድባ ላይ የወፈረው ሰብል ነፋስና ዶፍ ሲመታው ይጋሽባል፤ የጋሸበው ሰብል ብርሃን ሲያንጸባርቅ መስመሩ ከጥቁርነት ወደ ነጭነት ይለወጣል። ሰብሉን ሳያዩ በቀለሙ ብቻ የሚፈርዱ ሰዎች የሚሳሳቱበት አንዱ ቦታ ይኸው ነው።

ገብስና ስንዴ ለዚህ ሥራ ከሁሉ የተሻሉ ናቸው። ድንች አይረዳም፤ የግጦሽ ሣር ደግሞ ምስጢሩን የሚያወጣው ድርቁ ሲጠና ብቻ ነው። አፈሩም ይመርጣል፤ በቴምዝና በትሬንት ወንዞች ዳርቻ ያለው ጠጠራማ ምድር በቀላሉ ሲገልጥ ከባድ የሸክላ አፈር ግን ውኃ ስለሚይዝ ለዓመታት ዝም ሊል ይችላል። ዋናው ጊዜ ጁንና ጁላይ ነው። ሰብሉ ነጥቶ ከአለቀና ኮምባይነር ከገባ በኋላ ምልክቱ አብሮ ይታጨዳል።

ለዚህ ነው የ1976 እና የ2018 ድርቅ በአየር አርኪዮሎጂ ታሪክ ስማቸው የሚነሣው። ገበሬ ያዘነባቸው ዓመታት ናቸው፤ ምድር ግን እጅግ ብዙ አወጣች። በጁላይ 2018 በአየርላንድ፣ ከኒውግሬንጅ የጥንት መቃብር አጠገብ፣ ማንም የማያውቀው ታላቅ ክብ ቅጥር በአንድ ማሳ ላይ ታየ። ያዩትም ድሮን ያስነሡ ሁለት ሰዎች ናቸው።

እሺ፣ መስመሩ ታየ። ሮማዊ የሚያሰኘው ምንድን ነው?

የሮማ ጦር የሚሠራው በልማድና በልክ ነበር። ምሽጉም ሆነ በዘመቻ ላይ ለጥቂት ቀን የሚያርፍበት ጊዜያዊ ሰፈር በአብዛኛው የመጫወቻ ካርታ ቅርጽ አለው፤ ጎኖቹ ቀጥ ያሉ፣ ጥጎቹ ግን የዞሩ። ሹል ጥግ ከተከላካዩ ይልቅ ለአጥቂው ይመቻል፤ በቀላሉም ይናዳል። እኔ ፎቶግራፍ ሳይ ከሁሉ በፊት የማየው ጥጉን ነው። መስመሩ ረጅም መንገድ ሳይወላገድ መጥቶ፣ በተረጋጋ ቅስት ዞሮ፣ እንደገና ቀጥ ብሎ ሲሄድ ልቤ ይመታል። ገመድ ዘርግቶ የለካ ሰው ሥራ ነውና።

ቀጥሎ በሩ ነው። በየጎኑ ጉድባው የሚቋረጥበት ቦታ ይኖራል። በጊዜያዊ ሰፈሮች ላይ ከዚህ ክፍተት ፊት ለፊት፣ ጥቂት ሜትሮች ራቅ ብላ፣ አንዲት አጭር መስመር ብቻዋን ተጋድማ ትታያለች። ቲቱሉስ ትባላለች፤ ተንደርድሮ ወደ በሩ የሚመጣን ጠላት ለመግታት ተለይታ የተቆፈረች ጉድባ ናት። በሌሎች ሰፈሮች ደግሞ መከላከያው በሩ ላይ ሲደርስ እንደ ቀንድ ይታጠፋል፤ ይህኛው ክላዊኩላ ነው። ከእነዚህ አንዱ በግልጽ ከታየ ጥርጣሬው በብዙ ይቀንሳል፤ የከብት ማደሪያ እንዲህ ያለ በር አያስፈልገውምና። ቋሚ ምሽግ ከሆነ ደግሞ ጉድባው ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ ጎን ለጎን ይዞራል፤ ውስጡም መንገዶቹ በቀጥታ ማዕዘን ሲቋረጡ ይታያል።

ስፋቱም ይናገራል። የረዳት ጦር ምሽግ በጥቂት ሄክታር ይለካል፤ ሌጌዎን የሚባለው የሮማ ዋና ክፍለ ጦር ቋሚ ምሽግ ወደ 20 ሄክታር ይጠጋል፤ የዘመቻ ሰፈር ከዚህም እጅግ ሊሰፋ ይችላል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ጄ. ኬ. ሴንት ጆሴፍ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በየበጋው እየበረረ ለዩኒቨርሲቲው ትልቅ የፎቶግራፍ ክምችት ያቋቋመ ሰው ነው። በ1975 በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ ዱርኖ በተባለ ቦታ 58 ሄክታር ገደማ የሚሸፍን የሮማውያን ሰፈር አገኘ። ሴንት ጆሴፍ ቦታውን በ83 ዓ.ም. ገደማ ሮማውያን የካሌዶንያን፣ ማለትም የጥንቷን ሰሜን ስኮትላንድ፣ ሰዎች ካሸነፉበት ከሞንስ ግራውፒየስ ጦርነት ጋር አገናኘው። ሰፈሩ የሮማውያን መሆኑ አያከራክርም፤ ጦርነቱ እዚያ ነበር የሚለው ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። አንድ ፎቶግራፍ የትኛውን ጥያቄ መመለስ እንደሚችልና የትኛውን እንደማይችል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

የጦር ሰፈር ግን ቀላሉ ክፍል ነው። በእንግሊዝ ማሳዎች ላይ የሚታዩት ትንንሽ አራት ማዕዘን ቅጥሮች አብዛኞቹ ከወታደር ጋር ግንኙነት የላቸውም፤ የገበሬ ግቢዎች ናቸው። ሮማውያን ደቡባዊ ብሪታንያን ከ43 ዓ.ም. እስከ 410 ዓ.ም. ገደማ ገዙ። በእነዚያ ዘመናት ከሕዝቡ እጅግ የሚበዛው የአገሩ አራሽ ነበር። ይህ አራሽ ቤቱንና ከብቱን በጉድባ ያጥራል፤ አያቱም ከወረራው በፊት እንዲሁ ያጥር ነበር። አያት የቆፈረውን ጉድባ የልጅ ልጅ እየጠረገ ይኖርበታል። ንጉሥ ተለውጧል፣ ግብር የሚከፈልበት ሳንቲም ተለውጧል፤ የግቢው ቅርጽ ግን ያው ነው። የሚለወጠው ማጀት ውስጥ ያለው ሸክላ ነው፤ ሸክላ ደግሞ ከአውሮፕላን ላይ አይታይም።

እንግዲህ ይህ ነው የነገሩ ልብ። ገብሱ «እዚህ ጉድባ አለ» ይላል፤ ማን እንደቆፈረውና መቼ እንደቆፈረው አይናገርም። ዘመኑን የምንገምተው ከተቆፈሩና ከታወቁ ሌሎች ቦታዎች ጋር በማመሳሰል ብቻ ነው። የሮማውያን መንገድ በአጠገቡ ካለፈና የቅጥሩ በር ወደዚያ መንገድ ከዞረ፣ በውስጡም ክፍሎቹ በረድፍ የተሠሩ የድንጋይ ቤት መሠረት ነጭ ሆኖ ከታየ፣ ሚዛኑ ወደ ሮማውያን ዘመን ያጋድላል፤ ምናልባትም የባለጸጋ ቪላ ነው። በውስጡ የክብ ጎጆዎች ቀለበት ብቻ ከታየ ግን ከወረራው በፊትም በኋላም ሊሆን ይችላል።

ማመሳሰል የት ድረስ ሊያሳስት እንደሚችል ባልብራይዲ አሳይታለች። ቦታዋ በስኮትላንድ፣ በዲ ወንዝ ዳርቻ ነው። በ1976ቱ ድርቅ በአንድ ማሳ ላይ የትልቅ የእንጨት አዳራሽ ምልክት ከአየር ላይ ታየ፤ ርዝመቱ ከ20 ሜትር ይበልጣል፣ ምሰሶዎቹ የቆሙባቸው ጉድጓዶች በረድፍ ተሰልፈዋል። በቅርጹ ከሮማውያን ዘመን በኋላ ከተሠሩ የመኳንንት አዳራሾች ጋር ስለተመሳሰለ የዚያ ዘመን ነው ተብሎ ታሰበ። በተከታዩ ዓመት ቁፋሮ ተጀመረ። ከውስጡ የወጣው የከሰለ እህልና እንጨት በካርቦን ሲለካ አዳራሹ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 3800 ገደማ የተሠራ፣ የመጀመሪያዎቹ የስኮትላንድ አራሾች ቤት ሆኖ ተገኘ። ግምቱ ከአራት ሺህ ዓመት በላይ ተሳስቶ ነበር። የገመቱት ሰዎች ሥራቸውን የሚያውቁ ናቸው፤ ቅርጹም በእርግጥ ይመሳሰላል። ዘመኑን ግን ቅርጹ አልነገራቸውም።

ጨርሶ የጥንት ሰው ሥራ ያልሆኑ ነገሮችም ዓይንን ያታልላሉ። በበረዶ ዘመን ምድር ስትሰነጠቅ የተፈጠሩ ስንጥቆች ዛሬ በሰብል ላይ መረብ ይሠራሉ፤ ሳይጠነቀቅ ያየ ሰው የእርሻ ድንበር ይላቸዋል። የውኃ ማፋሰሻ ቱቦ፣ የጋዝ መስመር፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወታደር ሰፈር፣ የፈረሰ የበግ ጉረኖ፣ ባለፈው ክፍለ ዘመን የተነቀለ አጥር፣ ሁሉም ቀጥ ያለ መስመር ይተዋሉ።

አንድ አንባቢ በኮምፒውተሩ የሳተላይት ምስል ሲያይ እንዲህ ያለ ቅጥር ቢያጋጥመው እንዴት ይመርምረው? እኔ የምጀምረው ከዛሬው እርሻ ነው። መስመሩ ከትራክተሩ ጎማ መንገድ ጋር ትይዩ ከሆነ እጠረጥረዋለሁ። ከዛሬው አጥር ሥር አልፎ ወደ ጎረቤት ማሳ ከቀጠለ ግን ከአጥሩ ይቀድማል ማለት ነው፤ ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው። ከዚያ የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ካርታዎችን አያለሁ፤ የተነቀለው አጥር እዚያ ላይ ተሥሎ ከተገኘ ነገሩ አበቃ። ካልተገኘ የዚያኑ ማሳ የሌሎች ዓመታት ምስሎች አንድ በአንድ እከፍታለሁ። በአንድ ዓመት ብቻ ታይቶ የጠፋ መስመር የማዳበሪያ አረጫጨት ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ በተለያየ ሰብልና በተለያየ ዓመት ያንኑ ቦታ ይዞ የሚመለስ መስመር ግን ከመሬት በታች ሥር አለው። ላይዳር የሚባለው፣ ከአውሮፕላን በሚወርድ የብርሃን ጨረር የመሬትን ከፍታ የሚለካው ዘዴም ይረዳል፤ የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መረጃውን በነፃ ለሕዝብ ይሰጣል። ማረሻ ያልጨረሰው የካብ ቅሪት ጥቂት ሳንቲሜትር ቢሆንም እዚያ ላይ ሊወጣ ይችላል።

ፎቶግራፉ ከጎን አዘንብሎ የተነሣ ከሆነ ልኩን አትመኑ፤ ቅርብ ያለው ጎን ይሰፋል፣ ሩቁ ይጠባል፣ እውነተኛ አራት ማዕዘን ተዛብቶ ይታያል። ባለሙያዎች በካርታም በፎቶግራፍም ላይ የሚታወቁ ነጥቦችን፣ ለምሳሌ የአጥር ጥግ ወይም የመንገድ መገናኛ፣ እያዛመዱ ምስሉን አቃንተው ነው የሚለኩት። ደግሞም የማይታየው ጎን የለም ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የቅጥሩ ሁለት ጎን ገብስ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ሦስተኛው ድንች ማሳ ሲገባ ይጠፋል። ጉድባው አልተቋረጠም፤ የተቋረጠው ገብሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ መሬት ላይ ነው። በመጀመሪያ የአፈሩን መግነጢሳዊ ልዩነት በሚለካ መሣሪያ ማሳው ይቃኛል፤ እሳት የነካውና በብስባሽ የተሞላው አፈር ከዙሪያው ተለይቶ ይመዘገባል። ቀጥሎ ጉድባውን የሚያቋርጥ ጠባብ የሙከራ ቁፋሮ ይደረጋል። የወታደር ጉድባ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጎኖቹ ወደ ታች እየጠበቡ እንደ ሽብልቅ ይገናኛሉ፤ ከሥሩ የአካፋ ወርድ ያህል ጠባብ ቦይ ሊኖር ይችላል። ወሳኙ ግን ከግርጌው ደለል የሚወጣው ነገር ነው፦ ከጎል አገር፣ ከዛሬዋ ፈረንሳይ፣ የመጣ ቀይ የሚያብረቀርቅ የሸክላ ስባሪ፣ ሳንቲም፣ በካርቦን የሚለካ አጥንት። ይህ ሲገኝ «ሊሆን ይችላል» የሚለው ይሰረዛል፤ ከብዙዎቹ ቅጥሮች ላይ ግን አልተሰረዘም፤ ሁሉንም ለመቆፈር ገንዘቡም ጊዜውም የለም።

የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ነው። አንድ ቅጥር በሰብል ምልክት ብቻ የሚታየው ካቡን ማረሻ ስለበላው ነው። ማረሻው በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየጠለቀ ሲሄድ ከጉድባው ላይ ይቀንሳል፤ ጥልቀት የሌለው የጎጆ መሠረት ከሆነ ደግሞ በጥቂት ዓመታት ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ያየነውን መመዝገብ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም።

ብሪታንያ የምትኖሩና እንዲህ ያለ ነገር የምታዩ ሰዎች ማሳው ባለቤት እንዳለው አስቡ፤ ያለ ፈቃድ አትግቡ። ቦታው በ1979ኙ የጥንታዊ ሐውልቶች ሕግ የተጠበቀ ከሆነ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ያለ ልዩ ፈቃድ መጠቀም ወንጀል ነው። ምስሉን ለአካባቢው የቅርስ መዝገብ ክፍል ላኩት። ምን እንደሚመስላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ሦስት ነገር አስፍሩ፦ ማሳው በካርታ ላይ የት እንደሆነ፣ ምን ሰብል እንደነበረበት፣ ምስሉ የተነሣው በስንት ቀን እንደሆነ። ቀኑን በተለይ አትርሱ፤ መዝገቡን የሚይዘው ሰው በሚቀጥለው ጁላይ ሄዶ ሲያየው ማሳው ድንች ሊሆን ይችላል።